ማኒ ሳውትስ ትዕግስት፦ ከላትቪያ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ሪጋ

ከስቶክሆልም ሪጋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ምናምን ብትሆን ነው፣ ባልቲክ ባህርን ቶሎ ተሻግረን ከሰዓት በኋላ አረፍን። እኔና ባለቤቴ ዮሐንስ ስዊድን መኖር ከጀመርን ብዙ ዓመታችን ነው ግን ጎረቤታችን ላትቪያን ከካርታ በስተቀር አናውቃትም ነበር። አሁን ያመጣን አብራኝ የምትሰራ የላትቪያ ልጅ ናት። ሁለታችንም ነርስ ነን፣ የማታ ፈረቃ አብረን ስንገባ ስለ አገሯ ታወራኛለች፣ በተለይ ሰኔ ላይ የሚያከብሩት ያኚ የሚባለው በዓል ሲነሳ አይኗ ነው የሚበራው፣ ዘንድሮ "እኛ ቤት መጥታችሁ አክብሩ" ብላ ጋበዘችን። አንድ ነገር ግን አደራ አለችኝ፣ "እናቴና አጎቶቼ ጋ ስትደርሺ በእንግሊዝኛ አትጀምሪ፣ መጀመሪያ ስምሽን በላትቪያኛ ንገሪያቸው፣ ከዛ በኋላ በፈለግሽው ቋንቋ ቀጥዪ"።

ከዛ በኋላ በዋትሳፕ ድምጿን እየቀዳች ትልክልኝ ጀመር። እኔ ደግሞ እየሰማሁ በራሳችን ፊደል ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ይሄን ዘዴ ለማንኛውም ተጓዥ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ላትቪያኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ጽሁፉን ካየሁት አይኔ ወደ ስዊድንኛ ነው የሚወስደው፣ በግዕዝ ፊደል ስጽፈው ግን የሰማሁት ድምጽ እንዳለ ይቀመጣል። ሽ አላቸው፣ ች አላቸው፣ ዥ አላቸው፣ ኝም አላቸው! እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበትን ኝ እኛ ከእናታችን ጋር ነው የተማርነው።

ከኤርፖርት 22 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረን መሀል ከተማ ገባን። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል ግን ድምጽ የለም፣ ሰው ስልኩን ወይ መስኮቱን ያያል። ላትቪያውያን ቁጥብ ናቸው ሲባል የሰማሁት እውነት ነው፣ ማንም ዝም ብሎ አያናግራችሁም። ለዚህ ነው ንግግሩን ጀማሪዋ እኔ መሆን ያለብኝ ብዬ የወሰንኩት።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህርት ናቸው። በሩን ሲከፍቱልን "ላብዲየን! ማኒ ሳውትስ ትዕግስት" አልኳቸው። ላብዲየን እንደምን ዋሉ ነው፣ ጠዋት ከሆነ ላብሪት፣ ማታ ከሆነ ላብቫካር። ማኒ ሳውትስ ደግሞ ስሜ እገሌ ነው ለማለት የሚጠቅማችሁ ነው፣ ቃል በቃል "እገሌ ይሉኛል" እንደማለት ነው። ሴትዮዋ ትንሽ ቆም አሉና ፊታቸው በራ፣ "ልዩዎቲ ፓቲካሚ!" አሉኝ፣ ደስ ብሎኛል ነው። ከዛ ሻንጣ እንኳን ሳናስቀምጥ ኩሽና አስገቡንና ሻይ አፈሉ።

ሻዩ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት አገኘሁ። በላትቪያኛ ስም ያለ መጨረሻ አይሄድም፣ የወንድ ስም ብዙውን ጊዜ በስ ያልቃል የሴት ደግሞ በአ ወይ በኤ። የውጭ አገር ሰው ስምም ላትቪያኛ ጽሁፍ ውስጥ ሲገባ በሚሰማው ድምጽ ይጻፍና መጨረሻ ይጨመርለታል፣ ሼክስፒር ሼክስፒርስ ነው። እንደዛ ከሆነ እኔ ቲጊስታ ነኝ ማለት ነው፣ ጥሩነሽ ዲባባም ቲሩኔሻ። እኔ ይሄን ወደድኩት። ስዊድን ውስጥ ስሜን ለሰው ፊደል በፊደል ስቆጥር ነው የኖርኩት፣ እዚህ ግን ቋንቋው ራሱ ለስሜ ቦታ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ዮሐንስ ተራው ደርሶ ስሙን ሲናገር ደግሞ መምህርቷ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ "ያኒስ!" አሉ። ዮሐንስ ማለት ያኒስ ነው፣ አገሩ ላይ ከሞሉት የወንድ ስሞች አንዱ። ሰኞ ማታ የሚጀመረው በዓልም የእሱ ነው፣ ያኚ ማለት ያኒሶች ማለት ነው፣ መጥምቁ ዮሐንስ።

ዓርብ፣ ሪጋ

ጠዋት ተነስተን ወደ ማዕከላዊው ገበያ ሄድን። 1930 የተከፈተ ነው፣ አምስቱ ግዙፍ አዳራሾች ጣሪያቸው የተሰራው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ዜፔሊን የሚባሉትን አየር መርከቦች ያቆሙባቸው ከነበሩ ሃንጋሮች ነው። ውስጡ በጭስ የታጠነ ዓሳ፣ ጥቁር የአጃ ዳቦ፣ ማር፣ ጎመን፣ የበርች ዛፍ ጭማቂ፣ ሁሉም አለ። የዓሳው ሽታ ጾም የያዘውን ሰው ይፈትናል።

ገበያ ላይ የተማርኩት ነገር እዚህ ሁሉም ሰው ላትቪያኛ አፉን የፈታበት አይደለም። አገሪቷ ከ1940 ጀምሮ፣ በመሀል ጀርመኖች ከያዟት ዓመታት በስተቀር፣ እስከ 1991 በሶቪየት ስር ነበረች፣ በዛ ጊዜ ከሌላ ሪፐብሊክ ብዙ ሕዝብ መጥቶ ሰፈረ፣ ስለዚ ሪጋ ውስጥ ቤቱ ሩሲያኛ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። አንዷ ዓሳ ሻጭ ላብዲየን ስላት መለሰችልኝ፣ ከጎኗ ካለችው ጋር ግን የምታወራው በሩሲያኛ ነው። ይሄ የሚያሳፍርም የሚያስፈራም ነገር አይደለም፣ የመንግስት ቋንቋው ላትቪያኛ ብቻ ነው፣ እንግዳ በላትቪያኛ ሰላም ብሎ ሲጀምር ሁለቱም ወገን ያከብረዋል፣ እኔ ያየሁት እንደዛ ነው።

ማር የሚሸጡ ሽማግሌ ጋ ስንደርስ ጨዋታው ረዘመ። ስሜን ነገርኳቸው፣ እሳቸው ደግሞ "ኑዎ ኩሪየነስ ዩስ አሳት?" አሉኝ፣ ከየት ናችሁ ነው። ይሄን ጥያቄ ልጅቷ ደጋግማ አስጠንታኛለች፣ "ስምሽን ከነገርሻቸው ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው" ብላ። "ኤስ አስሙ ኑዎ ኤቲዮፒያስ፣ ኤስ ድዚቩዎዩ ዝቪየድሪያ" አልኳቸው፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስዊድን ነው የምኖረው። ሰውዬው ማንኪያቸውን አስቀመጡና በሁለት ክንዳቸው እንደሚሮጥ ሰው አደረጉ! ጥቅምት 1 ቀን 2023 በፈረንጆቹ ሪጋ ላይ የዓለም የጎዳና ሩጫ ሻምፒዮና ተደርጎ ነበር፣ ድርቤ ወልተጂ ማይሉን በ4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ የዓለም ሪከርድ ሰብራ አሸነፈች፣ ፍሬወይኒ ኃይሉ ሁለተኛ ወጣች፣ ሐጎስ ገብረሕይወት 5 ኪሎ ሜትሩን በ12 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ወሰደ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ ተከተለው። ሽማግሌው መንገድ ዳር ቆመው አይተዋል። እነዚህን ልጆች ሳላውቃቸው በእነሱ ስም ማር ተመረቀልኝ፣ ደረቴ ነው የተነፋው።

ከሰዓት ዳውጋቫ ወንዝን በድልድይ ተሻግረን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን አየን። 2014 የተከፈተ ነው፣ ንድፉን የሰራው ጉናርስ ቢርከርትስ አሜሪካ የኖረ የላትቪያ ተወላጅ ነው፣ የብርሃን ቤተ መንግስት ነው የሚሉት። በዛው ዓመት ጥር ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በብርድ ተሰልፎ ከድሮው ሕንጻ ወደ አዲሱ መጻሕፍት በእጅ በእጅ አቀባብሏል። ውስጡ አንድ አሮጌ የእንጨት ቁም ሳጥን አለ፣ መሳቢያ በመሳቢያ ነው፣ በየመሳቢያው ትንንሽ ወረቀት። ክሪሽያኒስ ባሩዎንስ የሚባል ሰው ዳይና የሚሏቸውን ባለ አራት መስመር የሕዝብ ግጥሞች ከመላ አገሩ አሰባስቦ ያደራጀበት ነው፣ ከ1894 እስከ 1915 ባሉት ዓመታት በመጽሐፍ ሲያሳትማቸው 217,996 ግጥም ሆኑ። ዩኔስኮ 2001 ላይ የዓለም ትዝታ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ከ2 ሚሊዮን በታች ሕዝብ ነው ያለው አገሩ ላይ! ከእነሱ ቋንቋ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ዛሬ የሚነገር ቋንቋ ሊቱዌንኛ ብቻ ነው፣ የቀሩት የባልቲክ ቋንቋዎች ጠፍተዋል። እዛ ቁም ሳጥን ፊት ቆሜ ነው የልጅቷ አደራ የገባኝ፣ ለምን ስምሽን በላትቪያኛ ንገሪያቸው እንዳለችኝ።

ወጥተን ዶም አደባባይ ላይ የሳርና የቅጠል ገበያ አገኘን፣ ለበዓሉ የሚሆን የኦክ ቅጠል፣ የሜዳ አበባ፣ የተጎነጎነ አክሊል፣ ከሙን መሳይ ፍሬ ያለበት ክብ አይብ። እንደኛ የበዓል ዋዜማ ቄጠማው ነው የቀረው።

ቅዳሜ፣ ሲጉልዳ

ከሪጋ ሲጉልዳ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡር ላይ አንድ ወርቅ የሆነ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፣ "ቫይ ሼይት ኢር ብሪቭስ?" ቦታው ነጻ ነው ወይ ማለት ነው። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሄን ብሎ መቀመጥ ወሬ ይከፍታል። አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር፣ "ያ፣ ሉድዙ" አሉን፣ አዎ እባካችሁ። ሉድዙ እባክህም ነው፣ ምንም አይደለምም ነው፣ እንካም ነው፣ ፓልዲየስ ብላችሁ ስታመሰግኑ የሚመለስላችሁም እሱ ነው፣ ስለዚ ቀኑን ሙሉ ነው የምትሰሙት።

ትንሿ ልጅ አይኗን ከጸጉሬ ላይ ሳትነቅል "ካ ተቪ ሳውትስ?" አለችኝ። እነሱም እንደኛ አንተ አንቺና እርስዎ ይለያሉ፣ ለልጅና ለጓደኛ ተቪ ነው፣ ለማታውቁት ትልቅ ሰው ደግሞ "ካ ዩስ ሳውትስ?" ልጅ ስለሆነች ለእኔም ተቪ አለችኝ፣ አያቷ ሊቆጧት ነበር እኔ ግን ደስ አለኝ፣ እኩያዋ አድርጋኛለች። "ማኒ ሳውትስ ቲጊስታ፣ ኡን ተቪ?" አልኳት። ኡን ማለት እና ነው። ይቺን ትንሽ ቃል ከያዛችሁ ጥያቄውን መልሳችሁ ትወረውሩታላችሁ። ብዙ ሰው የሚያጠናው የራሱን መልስ ብቻ ነው፣ ስሜ እገሌ፣ ከዚህ ነኝ፣ አበቃ። እኔ የምለው ጥያቄውንም አጥኑ፣ ሰው እኮ ስሙን ሲጠየቅ ነው የተዋወቀ የሚመስለው።

አያትየው ከዛ በኋላ ፍጥነት ጨመሩ። እዚህ ጋ ያዳነኝ "ሌናክ፣ ሉድዙ" ነው፣ ቀስ ብለው እባክዎ። እና "ኤስ ማትሱዎስ ላትቪየሹ ቫሉዎዱ"፣ ላትቪያኛ እየተማርኩ ነው። ይሄ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ኃይለኛ ነው፣ እሱን ከሰሙ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ አይዞሩም፣ ድምጻቸውን ዝግ አድርገው ቃል እየመረጡ ያወራሉ፣ አስተማሪ ነው የሚሆኑት። ያልገባኝን ደግሞ "ነሳፕሩዎቱ" እላለሁ፣ አልገባኝም። የገባኝ ስለ ልጅቷ ትምህርት ቤትና ስለ አንድ ድመት ነበር።

ሲጉልዳ የጋውያ ወንዝ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው፣ ጫካው አረንጓዴ ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ ቱራይዳ የሚባል ቀይ የሸክላ ግንብ አለ፣ መሰራት የጀመረው 1214 ነው። አጠገቡ መቃብር አለ፣ የቱራይዳ ጽጌረዳ የሚሏት የማያ። ታሪኩ እንዲህ ነው፣ 1601 የስዊድን ጦር ግንቡን ሲይዝ የግንቡ ጸሐፊ ከወደቁት ሰዎች መሀል በሕይወት ያለች ሕጻን አገኘ፣ ወሩ ሜይ ስለነበር ማያ ብሎ ሰየማትና አሳደጋት፣ አድጋ የሲጉልዳውን አትክልተኛ ወደደች፣ ሌላ የፈለጋት ወታደር በተንኮል ዋሻ ውስጥ አስጠርቷት 1620 ላይ ተገደለች። ዛሬ ሙሽሮች መቃብሯ ላይ አበባ ያስቀምጣሉ። ዋሻው ራሱ ጉትማኛላ ነው የሚባለው፣ ከተራራው ስር ነው፣ ግድግዳው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰዎች በቀረጹት ስምና ዓመተ ምህረት ተሸፍኗል። የድሮ ጀርመን መኳንንት ስም፣ የማይነበብ ስም፣ ስም በስም ላይ። ብዙ ቆምኩ እዛ። አሁን መቅረጽ ክልክል ነው፣ ትክክልም ነው፣ እኔ ግን ለራሴ ድምጼን ዝቅ አድርጌ ስሜን ነገርኳቸው።

እሁድ፣ ዩርማላ

ዩርማላ ከሪጋ በባቡር ግማሽ ሰዓት ናት፣ አሸዋ፣ ጥድ፣ የእንጨት ቪላ። ባህሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ሩቅ ድረስ በእግር ይኬዳል። ዮሐንስ ገባ፣ እኔ ጥዱ ስር ደብተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ስለ አነጋገሩ ትንሽ ልበላችሁ። ቃሉ ሲነገር ጉልበቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሪ-ጋ፣ ላት-ቪያ። በጣም የምትጠቀሙባቸው ሁለቱ ግን ከደንቡ ይወጣሉ፣ ፓልዲየስ እና ላብዲየን ጉልበታቸው መጨረሻው ላይ ነው። ሌላው ርዝመት ነው። አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል፣ ካዛስ አጭር ከሆነ ፍየሎች ነው፣ መጀመሪያው ከተሳበ ሰርግ ነው። እኛ ይሄን በሌላ በኩል እናውቀዋለን፣ ገና ሲላላና ገና ሲጠብቅ አንድ አይደለም፣ ስለዚ ጆሯችን ለእንዲህ ዓይነት ነገር የተዘጋጀ ነው፣ እነሱ አናባቢውን ይስባሉ እኛ ተነባቢውን እናጠብቃለን። ኦ ብለው የሚጽፉት ደግሞ በራሳቸው ቃል ውስጥ ኡዎ ነው የሚሰማው፣ ኖ ብላችሁ እንዳታነቡ ኑዎ ነው፣ ኤቲዮፒያ ላይ ግን የውጭ ቃል ስለሆነ ኦው እንዳለ ይቀራል። እና ደግሞ ሳውትስ መጨረሻው ላይ ያለችው ትስ ፀ ናት ማለት ይቻላል፣ ጉሮሮን ሳያፍኑ ለስለስ አድርጎ።

ስራዬንም አጠናሁ፣ "ኤስ አስሙ መድማሳ"፣ ነርስ ነኝ። ዮሐንስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የእሱ "ኤስ አስሙ ሾፈሪስ" ነው፣ አንድ ጊዜ ሰምቶ ያዘው። "ማን ኢር ዲቪ ቤርኒ"፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ነገ የሚጠይቁን ይሄንን ነው ብዬ አሰብኩ፣ እናቶች የትም አገር የሚጠይቁት ይታወቃል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16፣ ትሴሲስ አካባቢ

የዛሬው ዋዜማው ነው፣ ሊጉዎ ይሉታል፣ ያኚ ራሱ ነገ ነው። የጋበዘችን የስራ ጓደኛዬ ወንድም በመኪና መጥቶ ወሰደን፣ ከሪጋ ወደ ሰሜን ምስራቅ፣ መንገዱ ላይ ያለው መኪና ሁሉ የኦክ ቅርንጫፍ ፊቱ ላይ አስሯል፣ ከተማው ባዶ ሆኖ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ገጠር ነው የሚተመው።

ግቢው በር ላይ ጓደኛዬ የአበባ አክሊል አድርጋ ቆማለች፣ ከኋላዋ እናቷ፣ አባቷ፣ አጎቶች፣ አክስቶች፣ ጎረቤት፣ ልጆች። ሁሉም ዝም ብለው ያዩናል። እኔም ወደ እናትየው ሄድኩና "ላብዲየን። ማኒ ሳውትስ ቲጊስታ። ኤስ አስሙ ኑዎ ኤቲዮፒያስ፣ ኤስ አስሙ መድማሳ። ፕሪየክስ ኢየፓዚቲየስ" አልኳቸው፣ የመጨረሻው ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል ነው። እናትየው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና አልለቀቁኝም። ከዛ በተራ በተራ ሁሉም እየመጡ እጅ እየሰጡ ስማቸውን ይናገራሉ፣ እነሱ ሰላምታቸው አጭር ነው፣ እጅ ጠበቅ አድርጎ አይን እያዩ ስም መናገር፣ በቃ። የእኛን ረጅም የእንደምን ናችሁ ልማድ እዛ መፈለግ አይገባም፣ ጥብቅ ያለች እጅና ስም ለእነሱ ሙሉ ሰላምታ ናት።

ዮሐንስ "ማኒ ሳውትስ ያኒስ" ሲል ግቢው ጮኸ። በዚህ ቀን ያኒስ የሚባል ሰው ክብሩ ልዩ ነው፣ የኦክ ቅጠል አክሊል መጥቶ ራሱ ላይ ተደፋ። የበዓሉ ቤት ባለቤት የያኒስ አባት፣ ሚስቱ የያኒስ እናት፣ እንግዳው በሙሉ ደግሞ የያኒስ ልጆች ነው የሚባለው። አባትየው ቢራ፣ እናትየው አይብ ይዘው ይቀበላሉ። አይቡ ሰኔ ላይ ብቻ የሚናፈቅ ነው፣ ቢጫ፣ ጠንከር ያለ፣ ቅመሙ ጥርስ ውስጥ የሚቀር።

ማዕድ ላይ አንዱ አጎት ስለ ስም ቀን አጫወቱኝ። የላትቪያ ቀን መቁጠሪያ ላይ በየቀኑ ስሞች አሉ፣ ስምህ ያለበት ቀን ያንተ ቀን ነው፣ እንግዳ ሳይጠራ አበባ ይዞ ይመጣል፣ አንተም ቡናና ኬክ አዘጋጅተህ ትጠብቃለህ። ዛሬ ሰኔ 16 የሊጋዎች፣ ነገ የያኒሶች። "ቲጊስታስ?" ብዬ ጠየቅኩ። አለ! በፈረንጆቹ ሜይ 22 ቀን መቁጠሪያው ላይ ያልተጻፉ ስሞች ሁሉ የሚከበሩበት ቀን ነው። ሕዝብ ተሰብስቦ ስሙ ላልተጻፈ ሰው ቀን መመደቡ በጣም ነው የነካኝ፣ ስልኬ ላይ ወዲያው መዘገብኩት፣ በየዓመቱ አከብረዋለሁ።

እኔም ነገርኳቸው፣ እኛ የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት የምናከብረው ሰኔ 30 ነው። ጓደኛዬ እየተረጎመችልኝ ቁጭ ብለን አሰላነው፣ ሰኔ 30 በእነሱ ጁላይ 7 ነው፣ በድሮው የዩልየስ አቆጣጠር ደግሞ ጁን 24፣ ማለትም ያው ያኚ ነው! አንድ በዓል ነው በሁለት ካላንደር። ቄስ የሆነ አያት ቢኖረኝ ወዲያው ነበር የምደውልለት።

ጸሐይዋ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው የጠለቀችው፣ እሱም ጠልቃ ሰማዩ አልጨለመም። እሳቱ ተለኮሰ። ችቦው ሲንቦገቦግ፣ ሰው ዙሪያውን ሲዞር፣ የደመራ ማታ ነው በሉ። ከዛ ዘፈን፣ በየስንኙ ማለቂያ "ሊጉዎ፣ ሊጉዎ" የሚል አዝማች አለው፣ ስንኙ አራት አራት መስመር ነው፣ ዓርብ ቁም ሳጥን ውስጥ ያየሁት ዳይና እዚህ በሰው አፍ ላይ ነው። እንግዳና ባለቤት በግጥም ይወራረፋሉ፣ አንዱ ወገን ይነቅፋል ሌላው ይመልሳል። በሶቪየት ዘመን ይሄ በዓል የተከለከለበት ጊዜ ነበር፣ አጎትየው እንደነገሩኝ ያኔም በየጓሮው ይከበር ነበር። እሳቱን ዘለልን፣ ዮሐንስ ያለ ረዳት፣ እኔና ጓደኛዬ እጅ ለእጅ ተያይዘን። በዚች ሌሊት የተኛ ሰው በጋውን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይኖራል ነው የሚሉት፣ ስለዚ ጸሐይ እስክትወጣ ማንም አልተኛም።

ሌሊቱ ላይ ዝም ሲሉ ያየኋቸው አጎቶች ሁሉ ጥያቄ ነበራቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ቋንቋ አለ፣ ያንቺ ፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው፣ ስማችንን ጻፊልን። ደብተሬን ገነጠልኩና ለእያንዳንዱ ስሙን በግዕዝ ጻፍኩለት፣ ኝ ያለበት ስም ሲመጣ ፊደሏን ለብቻ አሳየኋቸው፣ እነሱም ኤን ስር ያደረጓትን ምልክት አሳዩኝ። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ማክሰኞ፣ ትሴሲስ

ከሰዓት ተነሳን። አገሩ በሙሉ ዝግ ነው፣ በዓል ነው። ወደ ማታ የትሴሲስን ግንብ ፍራሽ ከውጭ አየን። የላትቪያ ሰንደቅ ዓላማ፣ ቀይ ሆኖ መሀሉ ላይ ነጭ፣ መነሻው ከዚች ከተማ ነው ይላሉ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ዜና መዋዕል ከትሴሲስ የመጡ ሰዎች ይዘውት እንደነበር ይናገራል። ሌላ የተደረገ ነገር የለም፣ እንቅልፍ ነው።

ረቡዕ፣ ኩልዲጋ

ከትሴሲስ በጊዜ ወጥተን ሪጋ ላይ አውቶቡስ ቀይረን ወደ ምዕራብ፣ መንገዱ ረጅም ነው ግን ይገባዋል። ኩልዲጋ ትንሽ ከተማ ናት፣ አሮጌው ሰፈሯ 2023 ላይ የዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል። የቬንታ ወንዝ ፏፏቴ 249 ሜትር ስፋት አለው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ብቻ፣ ስፋቱን አይተው ነው በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው የሚሉት። ጸደይ ላይ ዓሳዎች ሽቅብ ይዘልሉታል፣ ድሮ በቅርጫት ከአየር ላይ ይይዟቸው ነበር። ዝቅ ብሎ 1874 የተሰራ የሸክላ ድልድይ አለ። ልጆች ፏፏቴው ላይ በእግራቸው ከዳር ዳር ይሻገራሉ፣ እኛም ተሻገርን።

ዳቦ ቤት ገብተን ስክላንድራውሲስ አዘዝን፣ የአጃ ሊጥ ላይ ድንችና ካሮት የሚደረግበት የኩርዜሜ አካባቢ ባህላዊ ኬክ ነው። ሻጯ ጠና ያለች ሴት ናት። ከቅዳሜ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚህ አንድ ላይ ወጣ፣ ስም፣ አገር፣ ስራ፣ ልጆች፣ ለምን እንደመጣን፣ እሷም የራሷን ነገረችኝ፣ ልጇ አየርላንድ ነው የሚሰራው፣ ከአውሮፓ ሕብረት ከገቡ ከ2004 በኋላ ብዙ ወጣት እንደወጣ አውቃለሁ፣ እሷ ግን ያወራችኝ ስለ አንድ ልጇ ነው። ስደተኛ ነኝና ገባኝ። የልጇን ስም ጠየቅኳት፣ ደጋግማ ተናገረችው። "ጋርሹዎ?" አለችኝ በመጨረሻ ወደ ሳህኑ እያሳየች፣ ይጥማል ወይ? "ልዩዎቲ ጋርሺጊ" አልኳት፣ በጣም ይጣፍጣል። እውነትም ይጣፍጣል፣ ካሮቱ ጣፋጭ፣ ስሩ ያለው ሊጥ ጠንካራና ጨው ያለው።

ሐሙስ፣ ሪጋ

አውሮፕላናችን ማታ ነው። ጠዋት የነጻነት ሐውልቱ ስር ሄድን፣ 1935 የቆመ ነው፣ ቁመቱ 42 ሜትር፣ አናቱ ላይ ያለችው ሴት ሦስት ኮከብ ይዛለች። ስሩ ሁልጊዜ ትኩስ አበባ አለ፣ በሶቪየት ዘመን አበባ ማስቀመጥ ያስቀጣ ነበር። አበባ ገዝተን አስቀመጥን።

መምህርቷ ቤት ተመልሰን ሻንጣ ስናነሳ ቁጭ አደረጉኝና የት የት እንደሄድን ጠየቁኝ፣ እዚህ ጋ አዲስ ነገር አስፈለገኝ፣ እስካሁን የማውቀው ነኝ ብቻ ነው፣ ነበርኩ አላውቅም። "ኤስ ቢዩ" አሉኝ፣ ነበርኩ። የከተማውም ስም መጨረሻ ይሳባል፣ "ኤስ ቢዩ ሲጉልዳ፣ ኤስ ቢዩ ኩልዲጋ"፣ ሲጉልዳ ነበርኩ፣ ኩልዲጋ ነበርኩ። ጽፌ ያዝኩት። ሰኔ 30 እደውልላቸዋለሁ ብያቸዋለሁ፣ በኛው ያኚ፣ በላትቪያኛ ብቻ ነው የምናወራው ብለው አስምለውኛል፣ እስከዛ ድረስ ያለፈ ጊዜውን ከጓደኛዬ ጋር በማታ ፈረቃ እናጠናዋለን፣ ዮሐንስም እንዳልቀር ብሏል።